ዋናውን አጥፋ

«ቀዳሁልሽ አለሽ እንጂ አልቀዳልሽም፤ አላገጠብሽ ነው የምልሽ። ሽማግሌ እልካለሁ ያለውንም እዚያው ቤቱ ይያዘው። ዛሬ ነገ ሳትዪ ደውለሽ ንገሪው፤ አንቺ ካልደወልሽ እኔ እደውላለሁ።»

ደግፌ ይህን የሰማው አንድ እግሩን ካልሲ ውስጥ ከትቶ፣ ሌላውን ካልሲ በእጁ ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ነው። የእሱን ክፍል ከታላቅ እህቱ ከአልማዜ ሳሎን የሚለየው ግድግዳ፣ ግድግዳ ይባል እንጂ፣ እንኳን ሰው ሲቆጣ ስኳር ሲማሰል ያሰማል። አባታቸው አቶ ወልደጊዮርጊስ ዘነበወርቅ መጥተው ሲሰፍሩ በጭቃ ያቆሙት ቤት ነው፤ ልጆቹ እየከፈሉ እየቀጠሉ ዛሬ ሦስት በር አውጥተውለታል። አልማዜ የምትቆጣው ልጇን ርሆቦትን ነው። ደግፌ የእህቱ ልጅ ምን እንደምትመልስ ለመስማት ካልሲውን እንደያዘ ጠበቀ። ርሆቦት ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ብዙ አትናገርም፤ ብትናገርም ድምፅዋ ሻካራ ስለሆነ አድማጩ ጆሮውን ማስጠጋት አለበት። በመጨረሻ «እሺ እማዬ» ስትል ሰማት። ደግፌ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀ። ሌላ ምን ያድርግ? ጥፋቱ ሽማግሌ እልካለሁ ያለው የአማኑ አይደለም። የአማኑ አለመሆኑን በዚህ ዓለም የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ደግፌ ነው፤ ያጠፋው እሱ ራሱ ነዋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርሆቦት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ፣ እሷ ብቻዋን ልትዘምር ስትነሣ ሕፃናት እንኳ ማልቀስ የሚተዉላት ልጅ ነበረች። አንገቷ ላይ እንቅርት ወጣባትና ሐኪሙ «መውጣት አለበት፤ ግን የድምፅሽን ነርቭ ተጠግቷል፤ ድምፅሽ እንደነበረው ላይመለስ ይችላል» አላት። ያን ሰሞን ቤቱ ሁሉ ሲያለቅስ ያላለቀሰው አማኑ ብቻ ነው። አማኑ በአጥቢያው የድምፅ መሣሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ ሽቦ ከመጠቅለልና ርሆቦትን በስርቆት ከማየት በቀር ሌላ ነገር የማያውቅ ጭምት ወጣት ነው። «ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንቅዳው» አለ። ዓለም ባንክ አካባቢ የተከራያትን ክፍል ዙሪያዋን በብርድ ልብስ ሸፈነ፤ በአከራዩ አውራ ዶሮ ላይ ቅርጫት አስደፋ፤ ስምንት መዝሙሮች ቀዳላት። ባጃጅ ካለፈ «እንደገና» ይላል፤ ጎረቤት በር ከዘጋ «እንደገና» ይላል፤ እሷም እየሳቀች እንደገና ትዘምራለች። ከዚያ ኦፕራሲዮኑ ሆነ፣ ጤናዋ ተመለሰ፣ ድምፅዋ ግን ሐኪሙ የፈራው ደረሰበት። እንግዲህ የርሆቦት ድምፅ ያለው እዚያ ስምንት መዝሙር ውስጥ ብቻ ነው። አማኑ ዋናዎቹን ፋይሎች፣ ምንም ሳይጨመቁ ማይክራፎኑ እንደሰማቸው ያሉትን፣ በሃርድ ዲስክ አድርጎ ሰጣት። የቀዳበት የአጥቢያው ኮምፒውተር ብዙም ሳይቆይ ተቃጠለ። እሷስ ሃርድ ዲስኩን ለማን ትስጥ? አባቷ ከሞተ ወዲህ አባት ሆኖ ላሳደጋት ለጋሼ ደግፌ ነዋ። «ጋሼ፣ ያንተ ሱቅ የብረት በር አለው። አስቀምጥልኝ፤ ሌላ ቦታም ገልብጥልኝ» አለችው። «እንደተገለበጠ ቁጠሪው» አላት። አልገለበጠውም።

ደግፌ አየር ጤና ፌርማታው አጠገብ ዘፈንና መዝሙር በፍላሽ የሚጭንበት፣ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ አለው። ደንበኞቹ የሚኒባስ ሾፌሮችና ጋራዥ የሚውሉ ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ ጥራት ማለት ብዛት ነው፣ አንድ ፍላሽ ላይ ስንት ዘፈን ገባ የሚለው ነው። ስለዚህ የደግፌ ሥራ መጭመቅ ነው። ትልቁን ፋይል ፕሮግራሙ ውስጥ ይከታል፤ ፕሮግራሙ ጆሮ አይለየውም ያለውን ድምፅ እየመረጠ ይጥላል፤ ቀጥኖ ኤምፒስሪ ሆኖ ይወጣል። ደግፌ ደግሞ ብዙ እንዲገባለት መጨመቂያውን መጨረሻ ድረስ አጥብቆታል። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች» እያለ በመስኮት እየጮኸ፣ ከዘፈኑ ውስጥ ምን እንደተጣለ ማን ያውቃል? ፕሮግራሙ ከታች በኩል አንዲት ትንሽ ሳጥን አለችው፤ ጨምቀህ ስትጨርስ ዋናውን አጥፋ ማለት ናት። ደግፌ ሱቁን በከፈተ ሰሞን ቦታ እንዳይሞላበት ብሎ ምልክት አደረገባት፤ ጥፋቱ እስኪደርስ ድረስ ዞር ብሎ አላያትም።

ፋሲካ ሲቃረብ የሱቁ ኮምፒውተር ሞላ። የርሆቦት ሃርድ ዲስክ ግን ሰፊ ነው፣ ግማሹ ባዶ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ደግፌ የመጣለትን አዲስ ዘፈን ሁሉ እዚያ ላይ ገለበጠና፣ አንዱን ፎልደር ብቻ መምረጥ ሲገባው ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ጎትቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተተው። ምሳውን በልቶ ሲመለስ ብዙ ቦታ ተርፎ አየና ደስ አለው። በዚህች ደስታው ነው እስከ ዛሬ ራሱን ይቅር ማለት ያቃተው። ያንን የተረፈ ቦታ ወዲያው ፊልም ሞላበት። የርሆቦት መዝሙሮችም አብረው መጨመቃቸውን ያየው ቀናት ካለፉ በኋላ ነው። ፊልሙን አጠፋ፤ የጠፋ ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ ሞከረ፤ አልሆነም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

በዚያው ቀን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ጥፋት ተብሎ ያልፍ ነበር። ደግፌ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። የተጨመቁትን ስምንት መዝሙሮች መልሶ ወደ ትልቁ ዓይነት ቀየራቸው። ይኼ ቀላል ነው፤ ፋይሉ ያብጣል፣ መጠኑም ስሙም እንደ ድሮው ይሆናል። የተጣለው ግን ተጥሏል። የከሳ ሰው ካፖርት ቢደርብ አልወፈረም። ርሆቦት ሃርድ ዲስኩን ልትወስድ ስትመጣ ከፍታ መጠኑን አየችና «ተባረክ ጋሼ» ብላ ጉንጩን ሳመችው። እሱም ሳቀ። ባለፈው ሐሙስ ሮቤራ የሚባል አቀናባሪ ዘንድ ወሰደችው፤ ሙዚቃ ሊሠራላት ተስማምቶ ነበር። ሮቤራ ጥቂት ሰምቶ አቆመው። «ይኼ ዋናው አይደለም። የቀዳልሽ ሰው ከመጀመሪያውኑ ጨምቆ ነው የቀዳው፤ የድምፅሽ ቀጭኑ፣ የላይኛው ክፍል በሙሉ ተቆርጧል። በዚህ ላይ ብሠራ ለሰው ጆሮ አይሆንም፤ እንደገና ዘምሪውና እንሥራ» አላት። እንደገና ዘምሪው አላት እንግዲህ፤ እሱ ምን ያውቃል። ሐሙስ ማታ አልማዜ ለመዘምራኑ መሪ ደውላ አማኑ ልጄን አታለላት አለች። አርብ አማኑ በጉባኤ ፊት ከድምፅ መሣሪያው ላይ ተነሣ። ይኸው ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሽማግሌውም ይቅር እየተባለ ነው።

ቁርስ እንደ ወትሮው አልማዜ ቤት ነበር። ፍርፍሩ በሰፊ ሰሃን ቀርቦ፣ ርሆቦት ጠባሳዋን በስስ ሻርፕ ሸፍና፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። አልማዜ ባልትና ሱቋ ስለሚመጣው በርበሬ አወራች፤ ኪሎው እንዴት እንደጨመረ፣ ነጋዴው ከዛላው ይልቅ አቧራውን እንደሸጠላት፣ ዘይትም ተመልሶ ሊሰቀል እንደሆነ። ስለ አማኑ ማንም አላነሣም። ርሆቦት አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ለደግፌ ዘረጋችለት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት፤ እሱ ሳይጎርስ አትጎርስም። ጎረሰና እጁን ወደ ሰሃኑ አልመለሰም። ውኃ ጠጣበት። «ምነው፣ አልጣመህም?» አለች አልማዜ። «ኧረ ጥሩ ነው እትዬ» አለ። እንዲህ ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ከቆሻሻ መጣያው ከቆሼ በኩል የሚመጣው ንፋስ ተቀበለው፤ ዛሬ እሱም አልሸተተው።

ሱቁን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ረሻድ የሚባለው ሾፌር ፍላሹን ወረወረለት። «ሞልተህ ስጠኝ፤ አንድም ቦታ እንዳይተርፍ።» ደግፌ ፕሮግራሙን ከፈተ። ያቺን ሳጥን አያት። ምልክቱን ካነሣባት ሰነባብቷል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እየጨመቀ ሳለ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አማኑ ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፊቱ ግን እንቅልፍ አላየም። ረሻድ ፍላሹን ይዞ እስኪወጣ ድረስ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ባንኮኒው ላይ የተወሳሰበ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ አግኝቶ፣ እጁ መቀመጥ ስለማያውቅ፣ ቀስ እያለ ፈታው፣ ጠቀለለው፣ አስቀመጠው።

«ጋሽ ደግፌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው» አለ። «ሃርድ ዲስኩ እርስዎ ጋ ሲመጣ ፋይሎቹን አይተዋቸው ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«እንዴት ነበሩ?»

ደግፌ አፉን ከፈተ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም፤ ሰው የለም፣ ልጁ ረጋ ያለ ነው፣ ይጮህብኛል ተብሎ እንኳ አይፈራም። «ትልልቅ ነበሩ» አለ። ይኼኛው እውነት ነው።

«እኔም ትልልቅ እንደነበሩ ነው የማስታውሰው። ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። መቅጃው ምን ላይ እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ለመማል አቃተኝ። ፕሮግራሙ ራሱ ሳላየው መርጦ ይሆን? እንዲህ ያደርጋል?»

አያደርግም። ደግፌ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። «ያደርጋል» አለ። «ፕሮግራም አይታመንም። አልፎህ ይሆናል። ሰው ነህ፤ ሰው ይሳሳታል።»

አማኑ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ንዴት የለም፤ ይኼ ነው ደግፌን ያሳበደው። «እንግዲያው እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁባት። ድምፅዋን አምናኝ ብትሰጠኝ እኔ ሴቲንግ ሳላይ ቀዳሁት። ማታ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጋሽ ደግፌ፣ እባክዎ እርስዎም ይኑሩልኝ፤ እትዬ አልማዜ ከእርስዎ ቃል አይወጡም።»

«እኖራለሁ» አለ ደግፌ። አማኑ እጅ ነሥቶ ወጣና ታክሲ ተራው ውስጥ ጠፋ።

ደግፌ ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ የተረፉትን ስምንት መዝሙሮች ከፍቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። መጀመሪያ ደህና መሰለው፤ ርሆቦት ናት፤ ሰው ይለያታል። ቆይቶ ግን ትንፋሿን ፈለገ። አማኑ ሲቀዳት «ትንፋሽሽን አትደብቂ፤ ስንኙ የሚጀምረው ከእሱ ነው» እያለ ይለምናት እንደነበር ርሆቦት ነግራዋለች። ትንፋሿ የለም። ድምፅዋን የምታሳርፍበት ቦታ ሁሉ እንደ ውኃ ይንሿሿል። ፕሮግራሙ አያስፈልግም ብሎ የጣለው ትንፋሿን ነው። ደግፌ ማዳመጫውን አውልቆ ሱቁን ዘጋ። ዛሬ ለእትዬ እነግራታለሁ አለ ለራሱ፤ በመንገዱ ሁሉ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተጨናንቆ ቆሞም፣ እነግራታለሁ፣ እነግራታለሁ እያለ ነው የመጣው።

አልማዜ ጓዳ ሆና ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ገብቶ በሩን መለስ አደረገና «እትዬ፣ አማኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዛሬ ጠዋት ለልጁ ያለውን ጭምር፣ ነገራት። አልማዜ እጇ ላይ ያለውን አንድ ፍሬ ልጣ እስክትጨርስ ቀና አላለችም።

«ማን ሰምቷል?» አለች።

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም አይስማ።» ቢላዋውን አስቀመጠች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አለ፤ ግን ታፍኗል። «ምነው ያኔ ብትነግረኝ፤ እኔም በሰው ልጅ ላይ አፌን ባልከፈትኩ። አሁን ግን ሆኗል። አባቷ የለም፤ አባቷ አንተ ነህ። ድምፅዋን አጣች፤ አንተን ደግሞ እንዴት ላሳጣት? ልጁ ይቅርታ ሊጠይቅ እየመጣ ነው። ይቅር ትለዋለች፤ ትወደዋለቻ። ሽማግሌውንም ይላክ፣ እቀበላለሁ። ሁሉም ደስ ብሎት ይገባል። አንተ ዝም ማለት ብቻ ነው ያለብህ።»

ነገሩ ያምራል። የሚያስፈራውም ማማሩ ነው። ደግፌ እህቱ ልትመታው ትችላለች ብሎ ነበር የገባው፤ እሷ ግን መውጫ ከፈተችለት፤ ሰፊ መውጫ፣ ሠርግ ያለበት። በአንዲት ሌሊት እንዴት ሰው ይታረቃል፣ እንዴት ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል ብሎ ሲያስብ ልቡ ዘና አለ። ወዲያውም በዚያ በመዝናናቱ አፈረ። «እሺ» አላት ግን።

አማኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ መጣ። ሶፋው ባዶ ሆኖ ሳለ በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ርሆቦት ማዶ ናት፤ ሻርፗን በጣቷ እየጠቀለለች ትፈታለች። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ዜና ያሳያል። አማኑ አፉን ያዝ ያዝ እያደረገው «እኔ ነኝ» አለ። «ሳላይ ቀዳሁት። ዛሬ ጠዋት ሱቃቸው ሄጄ ስጠይቃቸው ጋሽ ደግፌም እውነቱን ነግረውኛል፤ ይህ ያጋጥማል ብለውኛል። ከአገልግሎት መነሣቴ ይገባኛል፤ ወደ መሣሪያው አልመለስም፤ እጄን ራሴ አላምነውም። አንቺ ግን ይቅር በይኝ።» ርሆቦት አለቀሰች። ልቅሶዋም ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚናገረው። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለች። አልማዜ እጇን አጨበጨበችና «በቃ፣ ተመስገን። ደግፌ፣ የቤቱ አባት አንተ ነህ፤ እጅህን ጫንና ጸልይላቸው» አለች። አጨብጭባም ዓይኗን ከደግፌ ላይ አላነሣችም።

አማኑ መጥቶ እግሩ ሥር ተንበረከከ። ደግፌ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የልጁ ራስ ይሞቃል፤ ጸጉሩ ሥር ላብ አለ። «ጌታ ሆይ» አለ ደግፌ፤ «ይህ ልጅህ…» ቆመ። ማለት ያለበት ቀላል ነው፤ ይህ ልጅህ ቢሳሳትም፣ ነው። በሕይወቱ ብዙ ውሸት ዋሽቷል፤ የጠገነውን ስልክ አዲስ ነው ብሎ ሸጧል፤ ይህቺን ግን አምላክን እየጠራ፣ እጁን በልጁ ራስ ላይ ጭኖ፣ ምላሱ አልዞር አለው። «ይህ ልጅህ ምንም አላጠፋም» አለ።

«አሜን» አለ አማኑ፣ ከልማዱ።

«አሜን አትበል፤ ጸሎት አይደለም። እውነቱን ነው የምነግርህ። አንተ በደንብ ነው የቀዳኸው። ዋናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አልማዜ አሳለች፤ ደግማ አሳለች። ደግፌ ግን አንዴ ከጀመረ አልቆመም፤ መሳቢያውን፣ ፋሲካን፣ ሳጥኗን፣ ፊልሙን፣ ፋይሉን መልሶ ማሳበጡን ተናገረ። ሲጨርስ አማኑ እንደተንበረከከ ነበር። ደግፌ ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ። አማኑ ግን መዳፉን ገልብጦ እጁን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ያ እፎይታው ከስድብ ሁሉ ባሰ። ደግፌ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ርሆቦት እንባዋን ጠርጋለች። «ዛሬ ጠዋት ሱቅህ መጥቶ ሲጠይቅህ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

«ጠዋት ሳጎርስህም?»

«ያኔም።»

ርሆቦት ቃል ከማውጣቷ በፊት አየር ትስባለች፤ ሐኪሙ እንዲህ አድርጊ ብሏታል። «ድምፄን አውቀህ አላጠፋህብኝም፤ ለሱ አልቅሼ ይወጣልኛል። ይኼን ልጅ ግን በጉባኤ ፊት አዋርደነዋል። ራሱን እስኪጠራጠር ድረስ። አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ አየኸው።» አሁንም አየር ሳበች። «ነገ እሁድ ነው። ከአምልኮ በኋላ ትቆምና አሁን እዚህ ያልከውን እዚያ ትለዋለህ። ዛሬ ጠዋት ለአማኑ ያልከውንም ሳታስቀር።»

«ልጄ» አለች አልማዜ፤ «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? አጎትሽ እኮ ነው። እዚሁ ቤታችን ይለቅ።»

«እሱንም ያዋረድነው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነው እማዬ። የደወልሽው አንቺ ነሽ፤ አጠገቡ ትቆሚያለሽ።»

ደግፌ የፈለገው ይኼን አልነበረም። ተናዝዞ፣ ተለቅሶለት፣ በዚሁ ክፍል በአራት ሰው መካከል ይቅር ተብሎ ማደር ነበር ያሰበው። በዓይኑ ያ አዳራሽ መጣበት፤ የመዘምራኑ መሪ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ለመዝሙር ፍላሽ የሚመጡት ደንበኞቹ፣ ሁሉም ዞረው ሲያዩት።

«እሺ» አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ የወጣ ነገር የለም።

ርሆቦት ወደ እሱ ዞረች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሻካራ ድምፅዋን ያለ የሌለ ኃይሏን አሰባስባ ከፍ አደረገችው። «አልሰማሁህም ጋሼ» አለች።

ደግፌ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው።